የሆሊስ ቲግ ጀርባ

ለሚመለከተው ሁሉ! ረቡዕ ማለዳ የአቶ ሆሊስ ቲግ ባርኔጣ ከባለቤቱ ራስ ወርዶ በሌላ ሰው ራስ ላይ እንዲቀመጥ፣ የፊልም ድርጅቱ በሙሉ ሥልጣኑ ወስኗል። ባርኔጣው ይግባኝ አልጠየቀም።

ሆሊስ ግን ከፋው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በካሊፎርኒያ በረሃ፣ ከሳንቃ በተሠራች አንዲት ጎዳና ላይ ሽፍታ ሲያሳድድ ኖሯል። ጎዳናይቱ በየፊልሙ ስሟን ትለውጣለች እንጂ ያችው ናት፤ ፊቷ ባንክና መጠጥ ቤት፣ ጀርባዋ የድጋፍ እንጨትና ነፋስ። በየፊልሙ መጨረሻ ሆሊስ አንዲት መበለት በረንዳ ላይ ትቶ ወደምትጠልቀው ፀሐይ ይጋልባል። እርግጥ ፀሐይዋ የምትወጣ እንጂ የምትጠልቅ አይደለችም፤ ወደ ማታ አቧራ ስለሚነሳ ስንብት ሁሉ የሚቀረጸው ንጋት ላይ ነው። አገር ምድሩ ያለቀሰበት ያ ምሽት ለሆሊስ ምንጊዜም የቁርስ ሰዓት ነበር።

አሁን የመጨረሻ ፊልሙ ነው። ሐኪም ወገቡን ዳብሶ ፈረስ ከለከለው። ወጣቱ አዘጋጅ ክላይድም ነገሩን በትሕትና አስረዳው፤ ባርኔጣውንና ካፖርቱን ኦሪን ለብሶ ይጋልባል፣ ካሜራው የሚያየው ጀርባ ነው፣ ጀርባ ደግሞ ያው ጀርባ ነው።

ኦሪን በሆሊስ ፈንታ የሚወድቅ ሰው ነው። ከጣሪያ የዘለለውም፣ ከባቡር የተወረወረውም፣ የፊት ጥርሱን የጨረሰውም እሱ። በመካከላቸው የቆየ ውል አለ፤ መውደቁ የኦሪን፣ መሄዱ የሆሊስ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስወድቅልህ አንድ ቀን አሞህ ያውቃል?» አለው ኦሪን እራት ላይ፣ ባቄላውን እያማሰለ።

«የለም።»

«ታዲያ ብሄድልህስ ምን ይጎድልብሃል?»

ሆሊስ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ጥይቱ ባዶ፣ ጢሙ የሙጫ፣ ጡጫው ያንተ። የኔ የምለው ያ መሄድ ብቻ ነው።»

ኦሪን ባቄላውን ጨርሶ አፉን ጠረገ። «ወገብህ ቢቀነጠስ ግን መቃብር ውስጥ አልተካህም፤ ከአሁኑ እወቀው።»

ንጋት ላይ ካፖርት ለብሶ ወደ ጋጣው የገባው ኦሪን ነበር፤ በፈረስ የወጣው ሆሊስ። ክላይድ ከሩቅ እያየ፣ ኦሪን ዛሬ ቁጭ ሽማግሌውን መሰለ ብሎ አደነቀ።

ፈረሱ በለዘብታ ሄደ። ብርሃኑ ገና ወተት ነበር፤ ኮቴውም ድምፅ የሌለው፣ በጥጥ ላይ የሚረግጥ ይመስላል። ከኮረብታው ወዲያ እንደ ወትሮው የጭነት መኪናና ትኩስ ቡና ይጠብቀዋል። የሙያው ሕግ ደግሞ የታወቀ ነው፤ የሚሄድ ሰው ዞሮ አያይም። ስለዚህ ሆሊስ ስንቱን ከተማ ሲሰናበት፣ የተሰናበተውን ከተማ አንድም ቀን ከዚህ አናት ላይ አላየውም።

አናቱ ላይ ልጓሙን ሳብ አደረገና ዞረ።

ከተማይቱ ጀርባ አብቅላለች። ከቤቶቹ ኋላ ጓሮ፣ በጓሮው የተሰጣ ልብስ፣ ከልብሱ ወዲያ ሌላ መንገድ። ክፍል በሌለው መስኮት ውስጥ ሰው መብራት ይዞ አለፈ። በረንዳው ላይ መበለቲቱ ካሜራው ከተዋት በኋላም እጇን ታውለበልባለች፤ ስታውለበልብ ደግሞ አንዷ በሌላዋ ውስጥ እየቀለጠች፣ በየፊልሙ ትቷቸው የሄደው ሴቶች ሁሉ ነበሩ። ሆሊስ ባርኔጣውን አነሳላቸው። ያኔ ፀሐይዋ ብቅ አለችና፣ ሁሉም ሳንቃ ሆነ።

ክላይድ የፊልሙን ጽሑፍ እንደያዘ ዳገቱን እያለከለከ ወጣ።

«አቶ ቲግ፣ ዞረዋል እኮ። ፊትዎ ወጥቷል፤ እርስዎ መሆንዎን ያላየ የለም። ፀሐይዋን ደግሞ ተመለሺ አልላት ነገር። ለመሆኑ ምን አይተው ነው የዞሩት?»

ሆሊስ ከኋላ ተከትሎ የመጣውን የኦሪንን ትከሻ ተደግፎ፣ እያቃሰተ ከፈረሱ ወረደ።

«አልናገርም» አለ።