ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ

እሑድ ማለዳ ሐረጊቱ ከሰፈሯ ከሮቫ ጊሜል አውቶቡስ ተሳፍራ የምትሠራበት ፋብሪካ በር ስትደርስ፣ ትልቁን ማሽን በሸራ ተጠቅልሎ፣ በሰንሰለት ተጠፍንጎ፣ ጭነት መኪና ላይ ተጋድሞ አገኘችው። ቦርሳዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወደቀ። አላነሳችውም።

«አልቋል አላልሽም?» አለች ሾሻና ከኋላዋ። ሾሻና ጎረቤቷ ናት፤ ጆንያ ሲሞላም ጎን ለጎን ነው የሚሠሩት። «አንቺን እኮ ነው! ‹ግቡ፣ ሰንበታችሁን አሰናዱ፣ ነገሩ አልቋል› ብለሽ የሸኘሽን ማን ሆነና?»

አዎ፣ ሐረጊቱ ብላለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካው የሚሠራው ሴቶቹ በአጭሩ «ጉሚ» የሚሉትን ነው። መሐንዲሶቹ ቴርሞፕላስቲክ ኤላስቶመር ይሉታል፤ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ እንደ ፕላስቲክ ደግሞ ቀልጦ በሌላ መልክ ይወጣል። ትልቁ ማሽን ዱቄቱንና ዘይቱን አቡክቶ፣ አቅልጦ፣ ምስር የሚያህል ፍሬ አድርጎ ይተፋዋል። ፍሬው በጆንያ ሆኖ ወደ ወደቡ ይወርዳል፤ ባሕር ተሻግሮ አውሮፓ ሲደርስ በመኪና መስኮት ዙሪያ ዝናብ የሚከለክለው ለስላሳ ጠርዝ ይሆናል። ሐረጊቱ መኪና ኖሯት አያውቅም። ግን የቆመ መኪና ባየች ቁጥር ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው መስኮቱ ጠርዝ ላይ ነው።

በፈረንጅ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ስምንት አሜሪካ አገር ባንኮች ወደቁ ተባለ። ሴቶቹ በሬዲዮ ሰሙት፤ «እግዜር ይሁናቸው» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የመስከረሙ በዓላት ካለፉ በኋላ ግን ወደ ወደቡ የሚወርደው ጆንያ እየሳሳ ሄደ። አውሮፓ መኪና የሚገዛ ጠፋ። መኪና ካልተገዛ መስኮት የለም፤ መስኮት ከሌለ ጉሚ ለማን? ይባስ ብሎ ከቻይና በርካሽ የተገዛ ፍሬ በዚያው ወደብ ይገባ ጀመር። አንድ ቀን አለቆቹ ሴቶቹን ሰብስበው፣ የባዕድ ጽሕፈት ያለበትን ጆንያ እየቀደዱ ፍሬውን በፋብሪካው ጆንያ እንዲገለብጡ አዘዟቸው። ሐረጊቱ ገለበጠች። እንጀራዬን ሊቀማኝ የመጣውን የራሴን ልብስ አለበስኩት፣ አለች በሆዷ፤ ማታም ያንኑ ስታብሰለስል አደረች።

ቆየት ብሎ ትልቁ ማሽን ተነቅሎ ወደ ቻይና ሊሻገር ነው የሚል ወሬ ወጣ። ማሽኑ ከሄደ የሴቶቹም ሥራ አብሮት መሄዱ ነው።

የቫዓዱ፣ የሠራተኞች ኮሚቴው ማለት ነው፣ ሊቀ መንበር ኦርና ነበረች። ወላጆቿ ከሞሮኮ የመጡ ናቸው፤ ድምጿ ከማሽን ጩኸት በላይ ይሰማል።

«ሐሙስ በሩን እንዘጋለን» አለች። «መኪና አይገባም፣ መኪና አይወጣም። የእናንተ አገር ሴቶች ከሌሉበት ግን ከንቱ ነው። አንቺ ካላልሻቸው ደግሞ አይመጡም፣ ሐረጊቱ።»

ሐረጊቱ ወደ አጎቷ ወደ አባ ጀምበሩ ሄደች። አባትም አጎትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ሳታማክራቸው ያደረገችው ነገር የለም።

«ሳይለመን በሰው ላይ በር አይዘጋም» አሉ። «አስቀድሞ ሽማግሌ ይላካል። ሥራ አስኪያጁም የሰው ልጅ ነው፣ ይሰማል።»

ረቡዕ ዕለት አባ ጀምበሩ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ የጭነት ማንሻውን የፎርክሊፍት ነጂ ይታየውን አስተርጓሚ አድርገው፣ ማሽኑ እንዳይነቀል ሊለምኑ ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ ጋዲ ቢሮ ገቡ። ባገራችን ወግ፣ የሰው ደጅ የጠና ሽማግሌ የሚለምነው ቆሞ ነው። ባለቤቱ እሺ ካላለ አይቀመጥም፤ ውሃ እንኳ አይቀምስም። ተቀመጠ ማለት ተፈጸመ ማለት ነው። ልጅ ለመጠየቅ የሄደም፣ ደም ለማድረቅ የሄደም ይህን ያውቃል።

ሽማግሌዎቹ ሲወጡ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«ተቀመጥን!» አሉ አባ ጀምበሩ። «አይሆንም ብለን ቆምን። እሱ ራሱ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ትከሻዬን ይዞ አስቀመጠኝ። ጭማቂውንም በእጁ ቀዳልን። ጠጣን።»

«በአፉስ ምን አለ፣ አባ?»

«አስቀመጠን እያልኩሽ! ከዚህ ወዲያ ምን ይበል?»

ኦርና ስትሰማ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ጭማቂ? ጋዲ እኮ ቧንቧ ሊጠግን ለመጣም ጭማቂ ይቀዳል! ሐሙስ በሩ ላይ እንገናኝ፣ ግድ የለም።»

«ሽማግሌዎቻችንን አታዋርጂ» አለቻት ሐረጊቱ፣ ጥርሷን ነክሳ። ሐሙስም ሴቶቹን ወደ ቤታቸው መለሰቻቸው። በሩ ሳይዘጋ ዋለ። ዓርብ እነሱ ለሰንበት ቤት ሲጠርጉ፣ በኮንትራት የመጡ ሰዎች ፋብሪካው ውስጥ ብሎን ይፈቱ ነበር።

እንግዲህ እሑድ ጠዋት መኪናው ላይ የተጋደመው ያ የተፈታው ማሽን ነው።

አባ ጀምበሩ ተነግሯቸው በሚቀጥለው አውቶቡስ መጡ። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ የተሸፈነውን ማሽን እያዩ፣ ከሐረጊቱ አጠገብ ቆሙ። ጋዲ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ከሾፌሩ ጋር ይነጋገራል። ሐረጊቱ ፊቱ ሄዳ ተገተረች።

«ጋዲ» አለችው በዕብራይስጥ። «የመቀመጣቸውን ትርጉም ይታየው ነግሮህ ነበር?»

«ሐረጊቱ፣ አሁን አይደለም። መርከቡ…»

«ነግሮህ ነበር ወይ?»

ይታየው ፎርክሊፍቱ ላይ እንዳለ አንገቱን ደፋ። «ነግሬዋለሁ» አለ። «ደግሜም ነግሬዋለሁ። እሱ አስቀመጣቸው፤ እኔም እሺ ያለ መሰለኝ።»

ጋዲ ስልኩን ዘጋ። «አዎ፣ ነግሮኛል። ታዲያ ምን ላድርግ? የሰውዬው እግር ይንቀጠቀጥ ነበር! አያቴን የሚያህል ሰው ቢሮዬ ውስጥ አቁሜ ልየው? የሰጠሁት ወንበር ነው እንጂ ማሽን አይደለም። ደግሞ የወሰንኩት እኔ መሰለሽ? በእኛ ግማሽ ዋጋ የሚሸጥ አለ። ገበያው ሞቷል። ዓለም እንዲህ ሆኗል፣ ምን ይደረግ?»

«ዓለም ነው ትከሻቸውን ይዞ ያስቀመጣቸው?»

ጋዲ ፊቱን ወደ ሾፌሩ መለሰ። ያለው ውሸት ቢሆን ኖሮ ሐረጊቱ ምራቋን ትፍ ብላ ትተወው ነበር። እሷን ያንገበገባት ማዘኑ እውነት መሆኑ ነው። የሽማግሌ ጉልበት አሳዝኖታል፤ በዚያው አፍታ ደግሞ ያ ወንበር በሩ ሳይዘጋ ሐሙስን እንደሚያሳልፍለት ያውቃል። ሁለቱን ባንድ እጅ አደረጋቸው።

«ምን አለ?» አሉ አባ ጀምበሩ።

ሐረጊቱ ዘወር አለች። መተርጎሙ አዲስ ነገር አልነበረም። በክሊኒኩም፣ በማዘጋጃ ቤቱም፣ በልጆቹ ትምህርት ቤትም ለአጎቷ የምታስተረጉመው እሷ ናት። ሁልጊዜም ሻካራውን ቃል በመንገድ ላይ ታለሳልሰዋለች። ጸሐፊዋ «እነዚህ ደግሞ መጡ» ስትል እሷ «እንኳን ደህና መጡ ብላለች» ትላለች። እንዲህ እያደረገች ብዙ ዓመት አባ ጀምበሩን በማያውቁት አገር በክብር አኖረቻቸው። አሁን ገና፣ መኪናው ሞተሩን ሲያስነሳ፣ በዚያ ማለሳለስ የተነሣ በዚህ ጥፋት የእሷም እጅ እንዳለበት ታያት። ይህን አገር ሰሚ አድርጋ የሣለችላቸው እሷ ናት።

«ንገሪኝ እንጂ» አሉ።

ነገረቻቸው። አንዲት ቃል አላስቀረችም፤ ስለ እግራቸውም፣ ስለ ወንበሩም።

«አውቆ ነው?»

«አውቆ ነው፣ አባ።»

መኪናው አቧራውን እያቦነነ ወደ ወደቡ ታጠፈ። ሐረጊቱ ልታጽናናቸው ትችል ነበር፤ አላደረገችውም። በእሳቸውም ተናዳለች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ፈጣሪዋን ፈርታ ዋጠችው።

«እኔ ሰው ለምኜ አውቃለሁ» አሉ አባ ጀምበሩ በመጨረሻ። «የሚለመነውን ሰው ግን እዚህ አገር አላወቅሁትም። በዚህ ነገር ከእንግዲህ የእኔን ቃል አትጠብቂ፣ ልጄ። አልቀየምሽም።»

ይህን ብለው ማንም ሳይደግፋቸው ወደ አውቶቡሱ መቆሚያ አዘገሙ።

ግቢው ውስጥ የኮንትራት ሰዎቹ የዕቃ ሣጥናቸውን አንሥተው የቀረውንም ሊነቅሉ ወደ አዳራሹ ይገቡ ነበር። ትንሹ ማሽን ገና እንደተተከለ ነው፤ ለአገር ውስጥ ገበያ የመስኖ ቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት የሚሆነውን ጉሚ የሚያወጣው እሱ ነው። ኦርና ከፊታቸው እየሮጠች ትጮኻለች፣ የሚሰማት የለም።

ሴቶቹ ሐረጊቱን አዩ።

«አሁንስ ማንን ልንልክ ነው?» አለች ሾሻና። «ቄሱን እንጥራ? ወይስ ጭማቂ እስኪቀዳልን እንጠብቅ?»

«ማንንም አንልክም» አለች ሐረጊቱ። «ተከተሉኝ።»

ተከተሏት። አዳራሹ ውስጥ አንዱ ጎረምሳ ትንሹ ማሽን ሥር ተንበርክኮ የመጀመሪያው ብሎን ላይ መፍቻ ቁልፉን አስገብቷል። ሐረጊቱ ጎንበስ ብላ የቁልፉን እጀታ ከእጁ በላይ ጨበጠችው። እጇ ያን ዕለት ጆንያውን ሲገለብጥ እንደነበረው የታዘዘ እጅ አልነበረም።

«አትንካ!» አለች። ድምጿ አዳራሹን ሞላው፤ ራሷንም አስደነገጣት።

«እናቴ፣ እኔ ምን አደረግሁ? ተቀጥሬ እኮ ነው» አለ ጎረምሳው።

«እኔም ተቀጥሬ ነው» አለችው፣ እጀታውን ሳትለቅ።

ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ማሽኑን ከበቡት። ኦርና የአዳራሹን በር ከውስጥ ቀረቀረች።