ከድልድዩ ላይ የጠፉ ስልኮች

በፖሊስ ጣቢያችን ሁለተኛ ፎቅ፣ ከምርመራ ክፍሉ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ወንጀል እቆጥራለሁ። ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው እንዲህ ስለው ይስቃል፤ ግን ከዚህ ያጠረ መልስ የለኝም። ወሩ ሲያልቅ መርማሪዎቹ የከፈቷቸውን መዝገቦች አገላብጬ፣ ስርቆቱን ከስርቆት፣ ድብደባውን ከድብደባ ዓምድ ሥር አስገባና ሠንጠረዡን ለአዛዡ አቀርባለሁ። አዛዡ ይፈርሙበታል፤ ወደ መምሪያው ይሄዳል። ስታቲስቲክስ ተምሬ ከተመረቅሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ፖሊስ አይደለሁም፣ ዩኒፎርምም የለኝም። ስናገር ድምፄ ስለማይሰማ ጣቢያው ውስጥ «ሹክሹክታ» ይሉኛል። ስሜን የሚያውቁት ደመወዝ ከፋይዋና አዛዡ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

አንድ ማክሰኞ ከመምሪያው ደብዳቤ መጣ። ከልብስ ስፌት ፋብሪካው ማዶ ባለው የእግረኞች ድልድይ ላይ በስድስት ወር ውስጥ የተመዘገቡት ወንጀሎች ሦስት ብቻ ስለሆኑ፣ በድልድዩ እግር ላይ ያለው የጥበቃ ቤት በመጪው ወር መጨረሻ እንዲነሳ፣ ሁለቱ ፖሊሶችም ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወሩ ተወስኗል ይላል።

ሦስት ያልኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ደስ ነበር ያለኝ። ቁጥሬን አንድ ሰው አንብቦታል ማለት ነው።

ደስታዬ አንድ ቀን ቆየ። ረቡዕ ማታ እህቴ ከሥራ ስትገባ በግራ እጇ የቀኝ መዳፏን ይዛ ነበር። ከእኔ ስድስት ዓመት ትበልጣለች፤ በዚያው ፋብሪካ የሸሚዝ ኮሌታ ትሰፋለች። መዳፏ ላይ ፕላስተር ተለጥፏል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ትናንት ከድልድዩ ደረጃ ላይ ስልኬን መንጭቆኝ ሄደ። ወደቅሁ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ማታ ያልነገርኩሽ። ዛሬ በምሳ ሰዓት እናንተ ጣቢያ ሄጄ ወረቀት አውጥቻለሁ። አንቺ አልነበርሽም።»

መምሪያው ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። ማኅተሙ የእኛ፣ ጽሕፈቱም የማውቀው ጽሕፈት ነው። «ሞባይል ስልክ የጠፋባቸው መሆኑን ገልጸው በጠየቁት መሠረት ይህ ማስረጃ ተሰጥቷቸዋል» ይላል።

«አልጠፋብሽም እኮ። ተነጠቅሽ።»

«ታዲያ ምን ለውጥ አለው? ሲም ካርድ ለማስወጣት ይሄው ይበቃል። ሽማግሌው ሳጅን እግዜር ይስጣቸው፣ በአምስት ደቂቃ ጨረሱልኝ። ‹ስርቆት ነው ካልሽ ምስክር አምጪ፣ ነገ ነይ፣ ከነገ ወዲያ ነይ ይሉሻል፤ ከሥራ ትቀሪያለሽ› አሉኝ። የእኛ ፋብሪካ ሴቶች ሁሉ የሚሄዱት እሳቸው ጋ ነው።»

«ሁሉ?»

«ምነው ደነገጥሽ? አይ ሚጢዬ፣ እዚያ ድልድይ ላይ ያልተነጠቀ ሰው ያለ መስሎሻል?»

ስለ ደብዳቤው ነገርኳት። የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጥበቃ ቤቱን ሊያነሱት? መብራት ያለው እኮ እሱ ጋ ብቻ ነው! ፖሊሶቹ ከሄዱ በኋላ እንኳ በዚያች መብራት ነው ደረጃውን አይተን የምንወጣው። ማን የሚባል ደንቆሮ ነው ወንጀል የለም ያለው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ከሳጅኑ ጠረጴዛ ፊት ቆምኩ። በጣቢያው «ጋሼ ማኅተም» ይባላሉ። ማኅተም ሲመቱ ጠረጴዛው ስለሚዘል ሻያቸውን ወንበር ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ማስረጃ የሚጽፉበት ጥራዝ በራሪና ቀሪ አለው፤ በራሪው ለባለጉዳዩ ይሰጣል፣ ቀሪው ከጥራዙ ጋር ይቀመጣል። ቀሪዎቹን ማየት እንደምፈልግ ነገርኳቸው።

«ምን ሊያደርግልሽ? የጠፋ ዕቃ አንቺን አይመለከትም። አንቺ ወንጀል ነሽ» አሉና በራሳቸው ቀልድ ሳቁ።

ያም ሆኖ ጥራዙን ገፋ አደረጉልኝ። በራሪው ላይ አጭር ነው የሚጽፉት። ቀሪው ላይ ግን የሆነውን ሁሉ አስፍረውታል፤ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ሁኔታውን። ዋሽተው አያውቁም። «ከድልድዩ ደረጃ ላይ ከእጃቸው ተጎትቶ የጠፋ።» «ሁለት ሆነው ከገፈተሯቸው በኋላ የጠፋ።» አንዱን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፣ እኔ ጮክ በምልበት መጠን።

«‹በሩጫ የጠፋ።› ጋሼ፣ ስልክ እንዴት ነው በሩጫ የሚጠፋው?»

«ሌባው ሲሮጥ ነዋ!» አሉ። ከዚያ የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙትና መነጽራቸውን አወለቁ። «ስሚ ልጄ። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። መዝገብ ሲከፈት አውቃለሁ። ምስኪኗ ሦስት ቀን ትመላለሳለች፣ ከሥራ ትቀራለች፣ ሌባው አይገኝም። እኔ ሰው ላንገላታ? አሁን አንቺ ልትከሺኝ ነው?»

«የእህቴንም ጽፈዋል።»

«የቷ ናት እህትሽ?»

«መዳፏ የተላጠው።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ፕላስተሩን እኔ ነኝ የሰጠኋት» አሉ።

«አውቃለሁ ጋሼ። አልከስዎትም። ግን እርስዎ ጠፋ ስላሉ እኔ ሦስት ብዬ ጻፍኩ፤ እኔ ሦስት ስላልኩ ጥበቃ ቤቱ ሊነሳ ነው።» ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ተነስተው የመሳቢያውን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡና የስድስቱን ወር ጥራዞች አንድ በአንድ ደረደሩልኝ።

እስከ ዓርብ ማታ ስቆጥር ቆየሁ። ድልድዩ ላይ ብቻ ሃምሳ ሁለት። ሰዓቱንም በተለየ ዓምድ አሰፈርኩ።

ሰኞ ጠዋት አዛዡ ቢሮ ገባሁ። ከወንበራቸው ጀርባ የዓመቱ ግራፍ ተሰቅሏል፤ ቀይ መስመሩ ወር በወር ቁልቁል ይወርዳል። እኔው ነኝ የሠራሁት። እንግዳ በመጣ ቁጥር በእስክሪብቶ እየጠቆሙ ያሳዩታል። ወረቀቴን አንብበው ሲጨርሱ ወደ ግራፉ ዞሩ፣ መልሰው ወደ እኔ።

«ሦስት የነበረው ሃምሳ ሁለት?»

«አዎ ጌታዬ።»

«አልሰማሁሽም።»

«አዎ ጌታዬ።»

«እነዚህ ሰዎች እኮ ጠፋብን ብለው ፈርመዋል። ሰው ጠፋብኝ ብሎ የፈረመበትን አንቺና ሳጅኑ ተቀምጣችሁ ወንጀል ልታደርጉት አትችሉም። ነገ አንዱ ይህን ቁጥር ከየት አመጣችሁት ቢለኝ ምን እመልሳለሁ?»

ልክ ነበሩ። ወረቀቴን ልሰበስብ ስል እጃቸውን ጫኑበት።

«የወሩ ሪፖርት የሚወጣው ዓርብ ነው። ራሳቸው መጥተው ተነጠቅን ብለው ቃላቸውን ከሰጡ፣ የሰጡትን ያህል ቁጠሪ። ካልሰጡ ሦስት ነው።»

እኔ ስልክ መደወል የምፈራ ሰው ነኝ። ለጥርስ ሐኪም እንኳ ቀጠሮ የምታስይዝልኝ እህቴ ናት። ያን ቀን ጠዋት ግን ከጥራዞቹ ቀሪ ላይ ያለውን የመጀመሪያውን ቁጥር ደወልኩ፤ በማስረጃው ሲም ካርዳቸውን መልሰው ስላወጡ ቁጥራቸው ያው ነው።

«ሃሎ፣ ከፖሊስ ጣቢያ ነው።»

«ስልኬ ተገኘ?»

«አልተገኘም፣ ግን…»

«ታዲያ አልተገኘም ልትዪኝ ነው የደወልሽው?» ተዘጋ።

ሁለተኛዋ «ምን አልሽ? አይሰማም! አይሰማም!» ብላ ዘጋችው። ሦስተኛው ሰውዬ ደግሞ «አሁን ደግሞ በፖሊስ ስም ማጭበርበር ጀመራችሁ? አታፍሩም!» አለኝ። ለስድቡ እንኳ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ጋሼ ማኅተም ከበሩ ላይ ቆመው ሲሰሙኝ ኖሯል። «እንዲህ ከሆነ ልጄ፣ ይሄ ሳያልቅ ሁላችንም ጡረታ እንወጣለን። አምጪ እስቲ» ብለው ከጎኔ ተቀመጡ። «ሃሎ! እኔ ማስረጃ የጻፍኩልሽ ሽማግሌ ነኝ! አዎ፣ መነጽር ያለኝ! የኔ ልጅ፣ ተሳስቼ ነው የጻፍኩት፣ አርሚኝ።» በዚህ አነጋገር ማንም አልዘጋባቸውም። ከሰዓት በኋላ ቃላቱን ከእሳቸው ተውሼ እኔም ጀመርኩ። «ተሳስተን ነው የጻፍነው፣ አርሙን» ስል ድምፄ ትንሽ ይከፈት ነበር።

ግን ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፦ እንመጣ ነበር፣ ከሥራ አይለቁንም። ማክሰኞ ማታ ተስፋ ቆርጬ ለእህቴ ነገርኳት።

«እናንተ ለምን አትመጡም?» አለች። «ምሳችን አርባ ደቂቃ ነው። በሩ ጋ ጥላ አለ። ጠረጴዛ እኔ ከዘበኛው አመጣለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት አዛዡን ጠየቅሁ። «ቃል ተቀባይ የት ተቀምጦ ይጻፍ የሚል መመሪያ አላውቅም» አሉና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። ጋሼ ማኅተም ይህ ፈቃድ መሆኑን ያስረዱኝ ደረጃውን ስንወርድ ነው።

ረቡዕም ሐሙስም በፋብሪካው በር ተቀመጥን። ሴቶቹ ምሳ ዕቃቸውን በክንዳቸው እንዳንጠለጠሉ ተሰለፉ። እህቴ መጀመሪያ ቆመች፣ ቃሏን ሰጠች፣ ፈረመች፤ ከዚያ ሰልፉን ማስተካከል ያዘች። አንዲት ቁልፍ ሰፊ «እኔ ሁለቴ ነው የተነጠቅሁት፣ ሁለቴ ልፈርም?» ስትል፣ ከኋላዋ ያለችው «አንቺማ ደንበኛቸው ነሽ፣ ሌቦቹ ያውቁሻል» አለቻትና ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

«ቀጣይ» አልኩ። ማንም አልሰማም። «ቀጣይ!» አልኩ እንደገና። ጋሼ ማኅተም እስክሪብቶአቸውን አቁመው ቀና ብለው አዩኝና መጻፋቸውን ቀጠሉ።

ሠላሳ አራት ሰው ፈረመ። ከሃምሳ ሁለቱ የቀሩት ወይ ፋብሪካውን ለቀዋል፣ ወይ ስልካቸው አይነሳም፣ ወይ አልፈለጉም። እነሱን ሠንጠረዡ ውስጥ አላስገባኋቸውም።

ዓርብ አዛዡ እስክሪብቶአቸውን ይዘው ሪፖርቱ ላይ ቆዩ።

«ይቺ መስመር ከዚህ ወር ተነስታ ጣሪያውን ልትነካ ነው።»

«አዎ ጌታዬ።»

«መምሪያው ወንጀል ጨመረ ይለኛል። በአንድ ወር አሥር እጥፍ!»

«ሳንቆጥረው የቀረነውን ነው የቆጠርነው። ሁለተኛው ገጽ ላይ አብራርቼዋለሁ።» ይህን በደንብ እንዲሰማ ጮክ ብዬ አልኩት፤ ድገሚው አላሉኝም።

ገጹን ገለጡ። የሰዓቱ ዓምድ እዚያ ነበር። ከሠላሳ አራቱ ሃያ ዘጠኙ የተነጠቁት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ተኩል ባለው ጊዜ ነው።

«የድልድዩ ፖሊሶች በስንት ሰዓት ነው የሚወጡት?»

«በአሥራ ሁለት።»

«ፋብሪካውስ?»

«በአሥራ ሁለት ከሩብ ይለቃቸዋል።»

አዛዡ የሰዓቱን ዓምድ በእስክሪብቶአቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉት። «ይህን የጥበቃ ሰዓት ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ ከዚያ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ሳይለይ። ፈረሙ። ከፊርማው ሥር በእጃቸው አንድ መስመር ጨመሩ፦ ጥበቃው እንዳይነሳ፣ ሰዓቱም እንዲሸጋሸግ እጠይቃለሁ።

መልሱ በአሥራ አንደኛው ቀን መጣ። ጥበቃ ቤቱ ለሦስት ወር እንዲቆይ ተፈቅዷል፤ የፖሊሶቹ ሰዓት ከቀኑ ዘጠኝ እስከ ምሽቱ ሁለት ሆኗል፤ ከሦስት ወር በኋላ በቁጥሩ መሠረት እንደገና ይታያል። በዚያው ሳምንት በተደረገው ግምገማ ከጣቢያዎቹ ሁሉ መጨረሻ ወጣን። አዛዡ ሁለት ቀን ሰላም አላሉኝም። በሦስተኛው ቀን ግራፉን ከግድግዳው አውርደው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ከነመነሻው አስተካክዪው» አሉ።

ጋሼ ማኅተም አሁን ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ጥራዝ አላቸው። ባለጉዳይ «ጠፋብኝ» ሲላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ብቻውን ነው የሄደ ወይስ ሰው ወሰደው?» ይላሉ። ወሰደው ካለ ቃሉን እዚያው ተቀብለው መዝገቡን ወደ ላይ የሚያመጡት ራሳቸው ናቸው፤ ባለጉዳዩ የሚመላለሰው ሲጠራ ብቻ ነው።

በአዲሱ ሰዓት የመጀመሪያ ወር ድልድዩ ላይ አራት ንጥቂያ ተመዘገበ። አራት ብዙ ነው። ስጽፈው ግን እጄ አልከበደኝም፤ አራት ሲባል አራት መሆኑን አውቃለሁ።

ትናንት ማታ ለባበስ ብዬ እህቴን ልቀበላት ልወጣ ስል ስልኬ ጮኸ፤ እሷ ናት፣ በአዲሱ ስልኳ።

«የት ነሽ?» አልኳት።

«ድልድዩ ላይ።»

«እዚያ ቆመሽ ነው የምትደውዪው?»

«መሄዴ ነው እንጂ ምን ያስቆመኛል። ቲማቲም አለ ወይስ ልግዛ?»

አለመኖሩን ነገርኳት። አልዘጋችውም። ከኋላዋ የሴቶች ወሬና የጫማ ኮቴ ይሰማኛል፤ ስለ አዲሷ ተቆጣጣሪ አንድ ረጅም ታሪክ ጀመረችልኝ፣ ደረጃውን ወርዳ እስክትጨርስ።