ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ ዘይት

ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ብዕሩን የያዘው እጄ እስከ ትከሻው ይድረቅ። ሰው በሌለሁበት “ያጋንናል” እንደሚለኝ አውቃለሁ። እኔ አላጋንንም፤ የሚገጥሙኝ ነገሮች ናቸው ትልልቅ የሆኑት። ትንሽ ነገር ቢገጥመኝ ትንሽ አድርጌ አወራው ነበር፣ ግን እስከዛሬ አልገጠመኝም።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የመኪና መለዋወጫ መደብር ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜአለሁ። ደንበኛ ገና ከበሩ ሲገባ ከአረማመዱ የትኛው ጎማው እንደተበላ እነግረዋለሁ። አንድ ጊዜ በስልክ የሞተር ድምፅ ሰምቼ ሦስተኛዋ ካንዴላ እንደሞተች ተናግሬአለሁ፤ ሰውየው ያለው አራት ከተማ አልፎ ነበር። በሚስቴ ቤተሰብ ዘንድ “መሐንዲሱ” ነው የምባለው። ስሙን ያወጣሁት እኔ ብሆንም ያጸደቁት እነሱ ናቸው።

አማቴን አባባ ነው የምንላቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ተሳቢ ነድተው ጡረታ የወጡ፣ ቃላቸው አጭር፣ እጃቸው እንደ አካፋ የሰፋ ሰው ናቸው። እሁድ እሁድ እሳቸው ቤት ተሰብስበን ምሳ ከበላን በኋላ እኔና እሳቸው ብቻ ወደ ግቢው እንወርዳለን። የእኔን አሮጌ መኪና ኮፈን እከፍታለሁ፣ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ እመዛለሁ፣ ነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ጠብታ ጠብ አደርጋለሁ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠብታዋ ስትሰፋ፣ ዳሯ ሲጠቁር እናያለን። ከዚያ “ገና ናት” ይላሉ፣ ወይም “ይበቃታል” ይላሉ። ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ዘይት የምቀይረው ለሞተሩ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ያችን “ይበቃታል” ቶሎ ቶሎ ለመስማት ነው። እሳቸው ወደ ሌላ ከተማ የሚሄዱበት ነገር ካለም የምነዳቸው እኔ ነበርኩ። ከሹፌሩ ጎን ያለው ወንበር የእሳቸው፣ መሪው የእኔ፤ ይህ የተጻፈ ያህል የታወቀ ነገር ነው።

የታወቀ ነበር፤ የሚስቴ ታናሽ እህት እስክታገባ ድረስ።

ያገባችው ፋርማሲስት ነው። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ሲያወራ ጆሮ የሚያስቀስር ልጅ። እኔን “ጋሼ” ይለኛል፣ “እርስዎ” ይለኛል፣ ስገባ ይነሳል። እንዲህ ያለ ሰው ምን ተብሎ ይጠላል? በጣም ነው ያስቸገረኝ። ከአባባ ግቢ ጀርባ ባለችው ሁለት ክፍል ቤት ገቡ፤ በስድስተኛው ወር መኪና ገዛ። ሦስት ዓመት ብቻ የተነዳች፣ ላይዋ እንደ ታጠበ ሰሃን የሚያብረቀርቅ። መኪና አልላትም፣ ጎማ የተገጠመላት ሳሎን ናት። ወንበሯ በቁልፍ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል፤ ስትነሳ ድምፅ የላትም።

የመጀመሪያ ቀን አባባን ሰፈር ዞር ዞር አድርጓቸው መጣ። በሩ ሲከፈት ወዲያው አልወረዱም። ያ አካፋ የሚያህል እጃቸው በበሩ ጨርቅ ላይ ሄደ፣ መጣ። “ምንም እኮ አይሰማም” አሉ፣ ለራሳቸው። የእኔ መኪና አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ተሰምታለች፤ አንድ ቀን እንዲህ ተብላ አታውቅም። ቅናት እንዳይመስላችሁ። አንጀቴ ውስጥ የሆነ ነገር ተቃጠለ እንጂ አልቀናሁም።

የባሰው ደግሞ ዳሽቦርዱ ነው። ቁልፉን ሲያዞር “የዘይቱ ዕድሜ አርባ አምስት በመቶ” ብሎ ይጽፋል። ነጭ ወረቀት የለ፣ ጠብታ የለ፣ መጎንበስ የለ። አባባ ዓይናቸውን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሞራ ጉም ስለጋረደው ፋርማሲስቱ ያነብላቸዋል፤ እሳቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ኮፈኔን ከፍቼ ዘንጌን ይዤ በረንዳው ሥር እንደ ባንዲራ ሰቃይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

በዚያው ሰሞን የእኛ መኪና ላይ አንዲት ቢጫ መብራት በራች። ለሚስቴ ትርጉሙን ሦስት ጊዜ አስረድቻታለሁ፣ ሦስቱም የተለያየ ቢሆንም ሁሉም ጥልቅ ነበር። እሷ ምን አደረገች? ሄዳ ፋርማሲስቱን ጠየቀች። እሱም ስልኩ ላይ የእኔን መኪና መመሪያ አውጥቶ፣ የእኔን መኪና፣ ገጹን አነበበላት። የነዳጅ ታንኩ ክዳን አልጠበቀም ነው ያለው። አጠበቀችው። መብራቱ ጠፋ። በራት ሰዓት ምንም አላለችኝም፤ ያ ዝምታ ነው የገደለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አባባ የዓይናቸውን ሞራ ለማስነሳት ቀጠሮ ተሰጣቸው። ሆስፒታሉ ያለው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ቀኑ ሐሙስ ነው። ማን ይነዳቸዋል? ሃያ ዓመት ይህ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። በዚያ እሁድ ግን ሳሎን ውስጥ ሁሉም ሰው ወደ ግድግዳው ሲያይ ጥያቄ እንደሆነ ገባኝ።

እኔም በዘይቱ በኩል ገባሁ። መኪናው ዘይት ከተቀየረላት ስንት እንደሄደች ፋርማሲስቱን ጠየቅኩት። ስድስት ሺህ ነው አለ። በመቀመጫዬ ላይ ወደ ኋላ ወደቅኩ፣ ልቤን ያዝኩ፣ ሚስቴ “አሁን ደግሞ ጀመረህ” አለችኝ። ስድስት ሺህ የሄደ ዘይት ዘይት እንዳልሆነ፣ የታጠበ ጥላሸት እንደሆነ፣ በእኔ እጅ ብቻ በዚህ ምክንያት የነደዱ አርባ ሞተሮች እንዳለፉ አስረዳሁ። አባባን በዚህች መኪና መንገድ ላይ ማውጣት ማለት ሜዳ ላይ ጥሎ መምጣት ነው አልኩ።

ፋርማሲስቱ መመሪያውን አምጥቶ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። መጽሐፉ የሚለው አሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም አንድ ዓመት ነው፣ ቀድሞ የሞላው፤ አቧራ የበዛበት መንገድና ከባድ ጭነት ከሆነ ግን በግማሹ ይቀየራል። የእሱ መኪና የምትሄደው አስፋልት ላይ ነው፣ የምትጭነውም ሁለት ሰው።

“ዶክተር፣ መጽሐፍህን መድኃኒት ቤትህ አንብብ” አልኩት። “ሞተር በጆሮ ነው የሚነበበው።”

“ልክ ነዎት ጋሼ” አለ። “እኔ እንደ እርስዎ ያለ ጆሮ ስለሌለኝ ነው የማነበው።”

ሁሉም ሳቀ። ትሕትና ይሁን መርፌ እስከዛሬ አላወቅኩም።

አባባ መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። እኔ ያችን “ይበቃታል” ጠበቅኩ፤ ሰውነቴ ሁሉ ጆሮ ሆኖ ጠበቅኩ። “መጽሐፉ ያለው ይሁን” አሉ። “ሐሙስ በእሷ እንሄዳለን።”

ሦስት ቀን እህል በአፌ አልዞረም። ረቡዕ ጠዋት ግን ፍቅር አሸነፈኝ። ለአንድ ሰው ጥፋት የአንድ ሽማግሌ ዓይን መስዋዕት ሊሆን አይገባም ብዬ፣ ከመደብሩ አራት ሊትር ምርጥ ዘይት ይዤ ሄድኩ። ፋርማሲስቱ ሥራ ገብቷል። የመኪናዋ ቁልፍ እንደወትሮው በበራቸው አጠገብ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ማንም እንዳይጨነቅ በዝምታ አነሳሁት። አባባ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ ዓይናቸው ከጥላ በቀር ምንም አያይም። “ማነው?” አሉ። “እኔ ነኝ አባባ፣ ጎማዋን እያየሁላችሁ ነው” አልኳቸው።

በክሪክ አነሳኋትና ከሥሯ ገባሁ። የዘመኑ መኪና ሆዷን በፕላስቲክ ሸፍና ነው የምትሄደው፤ ፈታሁት። ማፍሰሻ ብሎኗን ሌላ ሰው ግማሽ ቀን ይፈልግ ነበር፣ እኔ የመጀመሪያዋን እንዳየሁ አወቅኳት። ስፈታት ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? ቀይ! ይህን የመሰለ ያየ መካኒክ ካለ ይምጣና ይንገረኝ፤ ዘይቱ ከመቆየቱ ብዛት ጥቁረቱን አልፎ፣ ተመልሶ ቀልቶ፣ እንደ ሽሮፕ ቀጥኖ ወረደ። በሃያ ሁለት ዓመቴ እንዲህ የከፋ ዘይት አላየሁም። ብሎኗን ዘጋሁ፤ ኮፈኑን ከፍቼ አራቱንም ሊትር ሞተሩ ላይ አንቆረቆርኩ። ዘንጓን ስመዝ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ሁለት ጣት አልፎ ነበር። በስጦታ አልቆጥብም።

ከዚያ ቁልፉን አዞርኩ። ዳሽቦርዱ ያው “አርባ አምስት በመቶ” ይላል። አዲስ ዘይት ጨምሬባት አርባ አምስት! ያ ማሽን ውሸታም መሆኑን በዚያ ቅጽበት በማስረጃ አረጋገጥኩ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ደግ ሥራ በስውር ነው ብዬ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ መለስኩ።

ሐሙስ ሲነጋ መኪናዋ ግቢው ውስጥ አልንቀሳቀስ አለች። ሞተሩ ይነሳል፣ ማርሽ ይገባል፣ እሷ ግን እንደ ሐውልት ቆማለች። ፋርማሲስቱ ግንባሩን መሪው ላይ አስደገፈ። እኔ በአጋጣሚ መኪናዬን አጥቤ፣ ነዳጅ ሞልቼ፣ የአባባን ወንበር በብርድ ልብስ ሸፍኜ በሩ ላይ ነበርኩ። አንዲት ቃል አልወቀስኩትም። “አልነገርኩህም?” ብቻ ነው ያልኩት፣ አምስት ጊዜ ያህል።

በኋላ ጋራዡ “ማርሹን በሚያስገባው ካምቢዮ ውስጥ አንዲት ጠብታ ዘይት የለም” አለው። ልጁ ግራ ተጋባ። እኔ ነኝ ያስረዳሁት፦ ሞተር ዘይቱ ሲያረጅ ይጠማዋል፣ ሲጠማው ከጎረቤቱ ከካምቢዮው ስቦ ይጠጣል። መመሪያው ውስጥ ፈልጎ አጣው። ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ እኔ በየሦስት ሺሁ ነው የሚቀይረው፤ ከእኔም መደብር ነው የሚገዛው።

አባባንማ እንደ አየር ነው ያደረስኳቸው። ሁለቱን መቶ ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ጨረስኩት፤ ከባዱን ዳገት በአራተኛ ማርሽ ወጥቼዋለሁ። አባባ በመንገዱ ሁሉ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው “ካንተ ሌላ ሹፌር የለኝም” ይሉ ነበር። ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን ለክቶ ማን እንደነዳቸው ጠየቀ፤ እንዲህ የተረጋጋ ታካሚ ደርሶት አያውቅም።

ባለፈው እሁድ ይህንኑ ታሪክ እንኳን ለብርሃን አበቃዎት ሊሉ ለመጡ ጎረቤቶች እየተረክሁ ነበር። ሚስቴ ማዕድ ቤት ናት። አባባ ጥግ ባለው ወንበራቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ ተኝተዋል ብዬ ነበር። እንግዶቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ፤ ሻዩ ቀዝቅዟል። እኔም ታሪኩ እንዲያምር ወደ ፋርማሲስቱ ዞርኩና በሰው ፊት እንዲመሰክር ጠየቅኩት።

እሱ ሲኒውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጆሮው ቀላ። “አዎ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው” አለ። “ጋሼ ነግረውኝ ነበር። አባባን መንገድ ላይ ጥዬአቸው ቢሆን ኖሮ…”

“አንተ አይደለህም፣ ልጄ” አሉ አባባ።

ዓይናቸውን ገልጠው ነበር። አዲሱ ዓይናቸው በቀጥታ እኔን ያያል። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ከእሳቸው ወንበር ራቅ ያለው እንግዳ ለመስማት ጎንበስ አለ።

“ያፈሰስከው የሞተር ዘይት አይደለም። የቆየ የሞተር ዘይት የተቃጠለ ይሸታል፣ ያ አይሸትም ነበር። ያ የካምቢዮዋ ነው። አዲሱን ደግሞ ሞተሩ ላይ በነበረው ላይ ደረብክበት። በረንዳው ላይ ነበርኩ፤ ያቃተኝ ማየት እንጂ ማሽተት አይደለም።”

ከእንግዶቹ አንዷ፣ ታዲያ ሆስፒታል በማን መኪና እንደሄዱ ጠየቀቻቸው።

“በአውቶቡስ” አሉ አባባ። “እኔና ትልቋ ልጄ፣ የመሐንዲሱ ሚስት። እሱ መናኸሪያው ድረስ አደረሰን። ከዚያ አልፌ አጠገቡ ብቀመጥ ያደረገውን መናገሬ አይቀርም ነበር፤ እሷ ደግሞ ከኋላ ሆና ትሰማኝ ነበር።”