ጥቂት ጥቂት

አብዱልሀፊዝ ኦፕራሲዮን ሆኖ የጨጓራው እኩሌታ ከወጣ ወዲህ ሰው ቤት መሄድ ተወ። ሐኪሙ በቀን ስድስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት እንዲበላ ነግሮታል። ካበዛ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል። ይህን በሚኖርበት በአሜሪካ ከተማ በብሩክሊን ሴንተር ላሉ ወዳጆቹ መንገር ግን አፈረ። እነሱ ደግሞ አንዱን ጉርሻ እምቢ ሲላቸው ሁለተኛውን ያመጣሉ፤ «በሞቴ» ካሉ መዋጥ ነው። አንድ ጊዜ እንዲያ ተለምኖ በልቶ፣ መኪናው ውስጥ ተጋድሞ ግማሽ ሰዓት አቃሰተ። ከዚያ በኋላ ለኒካሕም ሲጠሩት «ኦቨርታይም አለብኝ» ይላል። ሚስቱ ራሕመት ብቻዋን ትሄዳለች። ኮርቷል እያሉ እንደሚያሙት ሰምታለች፤ አልነገረችውም።

ፍሪድሊ ከተማ በሚሠራበት የሕክምና ዕቃ ፋብሪካ አለቃው ጁዲ ጡረታ ስትወጣ ሠራተኞቿን ከነትዳር ጓደኞቻቸው እራት ጠራች። ሲታመም ሺፍቱን ያመቻቸችለት እሷ ናትና መቅረቱ ነውር ሆነበት። ራሕመትን ይዞ ሚኒያፖሊስ መሀል ወዳለው የስፔን ምግብ ቤት ሄደ።

ራሕመት አሳማና ወይን ያለበት የትኛው እንደሆነ ጠየቀች፤ አስተናጋጁ እነዚያን ለይቶ ወደ ወዲያኛው ጫፍ እንደሚያደርግላት ነገራት። ከዚያ የስኒ ማስቀመጫ የሚያክሉ ሳህኖች መጡ፦ ወይራ ፍሬ፣ ከእንቁላል ጋር የተጠበሰ ድንች፣ በነጭ ሽንኩርት የተቁላላ ሽሪምፕ። ራሕመት «ለዚህ ሁሉ ሰው ይቺ ናት?» ብላ በሆዷ ታዘበች። ሰዎቹ ግን አንዳንድ እያነሱ ያወራሉ፣ ሹካቸውን አስቀምጠው ይስቃሉ፤ ቆይቶ ደግሞ ሌላ ትንሽ ሳህን ይመጣል።

አብዱልሀፊዝ አንድ ሽሪምፕ በላ። ጠበቀ፤ ምንም አልሆነም። ከድንቹ ቆረሰ። የጎረሰውን የቆጠረ፣ ጨምር ያለው ሰው የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። ፋብሪካ በገባበት በመጀመሪያው ቀን ጓንቱን ገልብጦ አጥልቆ መዋሉን ሲያወራ ገበታው በሙሉ ሳቀ።

መኪናው ውስጥ ገብተው ሞተሩን ሳያስነሳ ወደ እሷ ዞረ።

«ራሕመት፣ ከሰው ጋር ተቀምጬ በላሁ» አላት።

እንባዋ መጣ። ያኔ ነው ሐሜቱን የነገረችው።

«ታዲያ ምን አልሻቸው?»

«ምን ልበል? አንተ ሳትናገር እኔ ልናገር?»

ለኢድ ወዳጆቻቸውን ቤት ጠሩ። ራሕመት ሳምቡሳውን፣ ጥብሱን፣ ሰላጣውን በትንንሽ ሳህን እያደረገች፣ ፋታ እየሰጠች አቀረበች። እንግዶቹ ግራ ተጋብተው ሲተያዩ አብዱልሀፊዝ ተነሥቶ ሕመሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገራቸው።

ጎረቤቱ ቡርሃን፣ «ወንድሜ፣ እኛ እኮ ጠልተኸን መስሎን ነበር» አለው።

«ፈርቻችሁ ነው» አለ አብዱልሀፊዝ።

ቡርሃን ተጠግቶ አቀፈው። ከሳምንት በኋላ ደውሎ ለምሳ ሲጠራው፣ አብዱልሀፊዝ በስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ጠየቀ።