ቀድማ የበራች ሻማ

«እፍ ብትልባት ዓይንህን ሁለተኛ አላይም! ሰማኸኝ? ብሞት እንኳ ቀብሬ ላይ እንዳትደርስ!»

«እስቲ ቀስ በይ እትዬ፣ እማዬን ትቀሰቅሻታለሽ።»

«ለእማዬ አዝነህ ሞተሃል! ብታዝንላትማ ከዚያች ወንበር ዞር ትል ነበር።»

ኤሊዮዶሮ እጁን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አነሳ። ሻማዋን አልነካም፣ ገና አልተጠጋትምም። እህቱ ኦቲሊያ ግን ሁለት ክንዶቿን ዘርግታ በእሱና በአልጋው ራስጌ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ መካከል እንደ አጥር ቆማለች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከወንድሟ በሰባት ዓመት ትበልጣለች። ቀሚሷ ላይ የባቄላ ሾርባ ደርቋል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ እሷ ግን ከሐሙስ ጠዋት ጀምሮ ዓይኗን አልከደነችም።

ነገሩ የተበላሸው ሐሙስ ጠዋት ነው። የእናታቸው የዶኛ ካሲሚራ ትንፋሽ ሁለት ጊዜ ቆመ፤ ቄሱ ተጠርተው መጡና ቅባት ቀቧት። ኦቲሊያም ከሳጥኑ ግርጌ፣ በየካቲት በካንዴላሪያ እመቤት በዓል የተባረከችውን ሻማ አውጥታ ለኮሰች። በዚያች የሆንዱራስ ደጋ ከተማ ካቶሊክ የሆነ ሰው ያለዚህች ሻማ አይሞትም። ነፍስ ስትወጣ መንገዱ ጨለማ ነውና ብርሃን ይዛ ትሂድ ነው ነገሩ። ለሚሞት ሰው አንዴ ከበራች ደግሞ በሰው እጅ አትጠፋም፤ ያጠፋት ሰው ያችን ነፍስ መንገድ ላይ ጥሏት እንደ ተመለሰ ይቆጠራል። ዶኛ ካሲሚራ ግን ቄሱ በወጡ በሰዓቱ ሾርባ አምጡልኝ አለች። ጠጣችም። ሻማዋ መንደዷን ቀጠለች። የክንድ ያህል ትረዝም የነበረችው አሁን ሁለት ጣት ያህል ቀርታለች፤ ሌላ የለም። ጎረቤቱ ሁሉ በየሳጥኑ አንድ አንድ አለው፣ የሞት ሻማ ግን አይዋስም።

«ሰም ነው እትዬ» አለ ኤሊዮዶሮ። ጠዋት ሲለስን ያረፈደው ግድግዳ ኖራ ቅንድቡ ላይ እንዳለ ነው። «ሰምና ክር። ክርስቶስ ብርሃኗ ከሆነ ምን ይጎድላታል?»

«ጀመረ ደግሞ አሌሉያው! እዚህ መድረክ የለም፣ ሰብከህ የምታስለቅሰው ሰውም የለም።»

«አንቺ እኮ ልትወድቂ ነው። እግርሽን እዪው።»

ኦቲሊያ እግሯን አላየችም። እግሯ ግን አብጦ ከጫማዋ ጠርዝ ውጭ ፈስሷል። ከጣሪያው ክፍተት ነፋስ በገባ ቁጥር ሻማዋን በመዳፏ ስትከልል ሁለት ቀንና ሁለት ሌሊት ቆማለች። ገበያ ወጥታ ቶርቲያዋን፣ የበቆሎ ቂጣዋን፣ ከሸጠች ወር አልፏታል።

«አፍረህብኝ ነው» አለች ድምፅዋን ቀንሳ። «ፓስተርህ ሊመጣ ነው አይደል?»

እውነቷን ነው። ፓስተር ኔፍታሊና ስድስት ወንድሞች በአስር ሰዓት ለእናቱ ሊጸልዩላት ይመጣሉ። ነገ ደግሞ የእሱ ቀን ነው። ዘጠኝ ዓመት የወንጌላውያኑን ጸሎት ቤት አግዳሚ ወንበር ሲደረድርና ወለሉን ሲጠርግ ኖሮ ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሰብካል። ቤቱ ውስጥ የጣዖት ሻማ እየነደደ ካገኙት ግን ነገ አይሆንም፤ ምናልባትም መቼም አይሆንም።

«ሂጂ ተኚ» አለ በመጨረሻ። «እኔ እጠብቃታለሁ።»

«አንተ?»

«እኔ።»

«ማልልኝ።»

«እኛ አንምልም፣ ታውቂያለሽ። አዎ ካልኩ አዎ ነው።»

ኦቲሊያ ለአፍታ አየችው፣ ከዚያ ሳቅ ይሁን ሳል የማይለይ ነገር ከአፏ ወጣ። «ሌባን ለበር ዘበኛ!» አለች። ግን ከዚያ በላይ የምትከራከርበት አቅም አልነበራትም። ግድግዳውን ይዛ ወደ ማድቤት ሄደች፤ የበቆሎ ጆንያ ላይ ከነጫማዋ ተጋደመች። ኤሊዮዶሮ ወንበሩን ስቦ ገና ሳይቀመጥ ማንኮራፋቷ ተሰማው።

ተቀመጠ። ሻማዋን አያት። አንዲት እፍ ናት፣ ከዚያ ያበቃል። ኦቲሊያ ስትነቃ ነፋስ አጠፋት ይላታል። መዋሸት ኃጢአት ነው፤ ቢሆንም ከውሸትና ከጣዖት የትኛው እንደሚብስ አሰበ፣ ማሰቡም ደከመው። ከኪሱ የስብከት ደብተሩን አወጣ።

«ኤሊዮ» አለች እናቱ ካልጋዋ ላይ።

«አቤት እማዬ።»

«እስካሁን ትነዳለች? ሽታዋ ይመጣብኛል።»

«ትነዳለች።»

«ወይ ጣጣ! ሐሙስ ለት ነበር መሞት የነበረብኝ። ቄሱም መጥተው፣ ሰዉም ተሰብስቦ። ያ ሾርባ ሸተተኝና ተሳሳትኩ።»

ኤሊዮዶሮ ሳይወድ ሳቀ። እናቱም ጥርስ የሌለው አፏን ትንሽ ከፈተች። ዓይኖቿ እንደ ወተት ነጥተው ጣሪያው ላይ ቀርተዋል፤ ማየት ካቆመች ሰባት ዓመቷ ነው።

«ወረቀት ሰማሁ። የነገው ነው? አንብብልኝ እስቲ።»

ቀስ ብሎ አነበበላት። ከዮሐንስ መልእክት የወሰደው ነው። እግዚአብሔር ብርሃን ስለመሆኑ፣ ጨለማ የሚባል በእሱ ዘንድ ስላለመኖሩ፤ የሰው እጅ ስለለኮሰው መብራትና የሰው እጅ ስለማያጠፋው ብርሃን። ሦስት ሳምንት ለፍቶበታል። ለስኖ ሲያበቃ መሰላል ላይ ተቀምጦ ነው የጻፈው፤ ገጾቹ መካከል ሲሚንቶ አለ።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ከሷ ቀጥሎ ያለውስ? ያ ወንድሙን ስለሚጠላ ሰው የሚለው። ባለፈው ወር አንተው አንብበህልኛል። እሱ ነው በጨለማ የሚሄደው ይል የለ?»

«ይላል። ረዘመብኝና ተውኩት።»

«ረዘመብህ!» አለች እናቱ። ሳል ያዛት፣ እስኪለቃት ጠበቀ። «የማርሴላ ሠርግ ለት ምን አደረግህ? የእህትህ ልጅ ስትዳር ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ እንደ ፖሊስ ተገትረህ ዋልክ። ሚስትህ ስትቀበርም ኦቲሊያ ከጸሎት ቤታችሁ ደጅ ዝናብ ሲወርድባት ቆመች። ዓይኔ የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱንም አይቼዋለሁ።»

ኤሊዮዶሮ ደብተሩን አጠፈው። ከውጭ የዝናብ ደመና ፀሐይዋን ሸፍኗት ክፍሉ ደብዝዟል። ሰባት ዓመት ሙሉ ጠይቋት የማያውቀው ነገር ከአፉ ወጣ።

«እማዬ፣ ጨለማ ነው? ያለሽበት?»

«ጨለማ ነው እንጂ። የመጀመሪያው ዓመት ፈርቼ ነበር። እዚህስ እግዜርም አያገኘኝ እል ነበር። በኋላ ለመድኩት። እሱም የለመደው ይመስለኛል፤ መብራት አምጪ ሳይለኝ ይመጣል፣ ቁጭ ይላል።»

«እንግዲያ ሻማዋን ላጥፋት? ለእትዬ እኔ ነገሩን አስረዳታለሁ።»

«ለኔ ከሆነ አጥፋት። ግን ለኔ መቼ ሆነና የምትነደው። ኦቲሊያ ናት ጨለማ የምትፈራው። አድጋ እንኳ እጄን ካልያዘች አትተኛም ነበር። አንተ ገና ሕፃን ነበርክ ያኔ፣ አታውቅም። እኔ ስሄድ እንግዲህ እሷ...»

ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። እንቅልፍ ወሰዳት። ደረቷ ከፍ ዝቅ ማለቱን ኤሊዮዶሮ ቆጠረ፣ ሃያ ላይ ሲደርስ ተወው።

ነፋሱ የመጣው ከዝናቡ ቀድሞ ነው። የጣሪያውን ክፍተት አልፎ ወረደና ነበልባሏን ወደ ጎን አጋደማት፤ ሰማያዊ ሆና ከክሩ ልትለቅ ደረሰች። ኤሊዮዶሮ ማሰብ ሳያስፈልገው ሁለት እጆቹን ዙሪያዋን አቆመ። ኖራ የሰነጣጠቃቸው ትላልቅ እጆች ናቸው፤ ከኦቲሊያ መዳፍ ይልቅ ይከልላሉ። ነበልባሏ ቀና አለች። ክሩ ግን ወደ ቀለጠው ሰም አጎንብሷል፣ የቀረው ሰምም ወደ ሳህኑ እየፈሰሰ ነው። በአንድ እጁ እየከለለ በሌላው ጣት ከሳህኑ ላይ የረጋውን ሰም ፋቀ፤ የግድግዳ ጠርዝ እንደሚያበጅ ሁሉ በክሩ ዙሪያ ቀስ እያለ ለጠፈ። ሰሙ ፈጀው። ለሁለተኛ ጊዜም ፋቀ። ጠርዙን ከፍ አደረገ፣ ፍሳሹ ቆመ። እንዲህ ከያዟት እስከ ማታ ትደርስ ይሆናል።

የጊታርና የመዝሙር ድምፅ ከመንገዱ ተሰማ። አስር ሰዓት ሆኗል።

ከጠረጴዛው ሥር የሸክላ ማሰሮ አለ። ሻማዋን ከነሳህኗ አንስቶ ማሰሮው ኋላ ቢያኖራት ማንም አያይም፤ አትጠፋምም ይሆናል። ደግሞም ተነስቶ በሩ ላይ ቢቀበላቸው፣ ጸሎቱን ግቢው ውስጥ እናድርግ ቢል ይሰሙታል። ይህን ሁሉ አሰበ። መዝሙሩ ቀረበ፣ የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሰማ። ከማድቤት ኦቲሊያ በእንቅልፏ አንዳች ነገር ተናገረች፤ ልጅ የሚያወራ ይመስል ነበር። ኤሊዮዶሮ እጆቹን እንዳቆመ ቀረ።

መዝሙሩ ደጃፉ ላይ ሲደርስ ተቋረጠ።

«ወንድም ኤሊዮዶሮ» አለ ፓስተር ኔፍታሊ። ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ይዟል። ከኋላው ያሉት በትከሻው ላይ አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ ያያሉ።

«ግቡ ፓስተር። ይቅርታ፣ መነሳት አልችልም። ከተነሳሁ ትጠፋለች።»

ፓስተሩ ሻማዋን አየ፣ የተኛችውን አሮጊት አየ፣ መልሶ የኤሊዮዶሮን እጆች አየ። ክፉ ሰው አይደለም።

«እዚሁ ሆነን እንጸልይ» አለ። ደጃፉ ላይ ቆመው አጭር ጸሎት ጸለዩ። አሜን ከተባለ በኋላ ፓስተሩ ባርኔጣውን ደፋ። «ነገ አንተ ከእናትህ ጋር ብትሆን ይሻላል። የሚሰብከውን ሰው እኔ አገኛለሁ።»

«እሺ ፓስተር።»

ሌላ ነገር የሚጨምር መስሏቸው ጠበቁት። ኤሊዮዶሮ ግን በጥፍሩ ከሳህኑ ላይ ሰም እየፋቀ ነበር።

«ፓስተር» አለ ቀና ሳይል። «ስትወጡ በሩን ግጠሙልኝ። ነፋስ ነው።»

በሩ ቀስ ብሎ ተገጠመ። ጠብታዎች ቆርቆሮው ላይ መውረድ ጀመሩ። ጊታር የያዘው ሰው መሣሪያውን ጃኬቱ ውስጥ ሸሸገ፣ ሰባቱም በግቢው ተከታትለው ወጡ፤ የኋለኛው ከውጭ እጁን አሹልኮ የግቢውን በር መቀርቀሪያ መለሰው። ቤት ውስጥ ሁለቱ ሴቶች ተኝተዋል። ኤሊዮዶሮም የፋቀውን ሰም በክሩ ዙሪያ እየለጠፈ ነው።