ያልተደወለለት ዝግጅት

ማጣሪያ የመጽሔቱን የአሥራ አምስት ዓመት ታሪክ እንድትጽፍ ታናሽ ወንድሟ ከለመናት ሁለት ወር ሊሞላ ነው። እስካሁን የጻፈችው ገጽ ተኩል ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ የፈጀችው ሌባ ስትፈልግ ነበር።

መጽሔቱ በየሁለት ሳምንቱ ሰኞ ይወጣል፤ የሚታደለውም በነጻ ነው። የት ምን ሥዕል እንደተሰቀለ፣ ማን የት እንደሚዘፍን፣ የትኛው ቴአትር በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ማወቅ የፈለገ ሰው ከፀጉር ቤት፣ ከመድኃኒት ቤት ወይም ከቤተ መጻሕፍቱ መግቢያ አንዱን አንሥቶ መሄድ ነው። ሲጀመር አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበር። ወንድሟ ሥዕሎቹን የሚያይለት ሰው አጥቶ ሆድ የባሰው ሠዓሊ ነበርና፣ ሰው ካላወቀ እንዴት ይመጣል ብሎ የከተማውን ዝግጅት ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ለቃቅሞ ሁለት መቶ ቅጂ አባዛ። እሷ ያኔ የስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ ነበረች፤ ከሥራ ስትወጣ ወረቀቱን በየሱቁ እየዞረች ታድል ነበር።

በሦስተኛው እትም ጉድ ፈላ። የተሰረዘ የሙዚቃ ዝግጅት ሳያውቁ አወጡ። አንድ አባት ሦስት ልጆቹን አስከትሎ ከከተማው ጫፍ በእግሩ ሲመጣ አዳራሹ ዝግ ሆኖ ጠበቀው። በማግስቱ ማዞሪያ ቤት ድረስ መጥቶ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ወጣ። ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ደውላ ሳታጣራ አንድም ዝግጅት አላወጣችም። ማጣሪያ ያሰኛትም ይኸው ነው፤ እናቷ ያወጣችላትን ስም ዛሬ የሚያስታውሰው ባንክ ቤቱ ብቻ ነው።

ከማጣራት እስከ መጠርጠር ደግሞ መንገዱ አጭር ነው። ጡረታ ወጥታ ሙሉ ቀኗን ለመጽሔቱ ከሰጠች ወዲህ፣ የቢሮው ስኳር ቶሎ ካለቀ ማን ስንት ማንኪያ እንደሚጨምር መከታተል ጀመረች። ወንድሟ፣ አንቺ እኮ ጥላሽንም አታምኚም እያለ ይስቅባታል።

አሁን ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። በከተማው በዋጋ የሚሸጥ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አለ። ይህ ጋዜጣ ሦስት እትም ሙሉ፣ መጽሔቱ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የማጣሪያን ዝርዝር ከነቅደም ተከተሉ ይዞ ብቅ አለ። አዳራሹን ስትለምን የሰነበተችው እሷ፣ ስልክ ስትደውል ጆሮዋ የጋለው እሷ፣ ቀድመው የሚያወጡት እነሱ! እሳት ላሰች።

ወሬው ከቢሮው እየወጣ ነው አለች። ቢሮው ሁለት ክፍል ነው፤ የሚሠሩበትም ሦስት ሰዎች ናቸው። እሷ አይደለችም። ወንድሟ የገዛ ቤቱን አያፈርስም። የቀረው ገጽ አቀናባሪው ነው።

ገጽ አቀናባሪው ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ከእናቱ ጋር የሚኖር፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ስድስት ዓመት አብሯቸው ሠርቷል። ቀድሞ ማጣሪያ ዝምታውን ትወድለት ነበር፤ አሁን ያው ዝምታ ይከነክናት ጀመር። ስልክ ሲመጣለት ደረጃው ላይ ወጥቶ በሹክሹክታ ያወራል። ምን የሚደበቅ ነገር ቢኖረው ነው? አዲስ ጃኬት ለብሷል። በማን ገንዘብ? አንድ ቀን ሻይ ቀድቶ ቢያቀርብላት እንኳ፣ ምን አስቦ ነው ብላ ሳትጠጣው አቀዘቀዘችው።

በመጨረሻ ወጥመድ አሰበች። ለሚቀጥለው እትም ሠላሳ ሰባት ዝግጅቶችን እንደ ልማዷ ደውላ አጣርታ ከጨረሰች በኋላ፣ ሠላሳ ስምንተኛውን ከራሷ ፈጥራ ጨመረች። «ያልተላኩ ደብዳቤዎች ንባብ። ጽፈው ሳይልኩ የቀሩ ሰዎች ራሳቸው ያነባሉ። የድሮው የክር መጋዘን፣ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። መግቢያ በነጻ።»

ሆን ብላ የማይስብ አደረገችው። መጋዘኑ ከተዘጋ ዓመታት አልፈዋል፤ ቀኑንም ወዲያ አርቃ የሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ላይ ጣለችው። ዝርዝሩን ለገጽ አቀናባሪው ሰጠች። የመጨረሻውን እርማት ዓርብ ማተሚያ ቤት ሄዳ የምትሠራው ራሷ ናት፤ ያኔ ትሰርዘዋለች። ቅዳሜ ጋዜጣው ይዞት ከወጣ ግን ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ ማለት ነው።

ዓርብ ጠዋት የመንጋጋ ጥርሷ ተነሣባት። ሐኪሙ ነቅሎ ጣለላት፤ ጉንጯ አብጦ ቤቷ ተኛች። ማተሚያ ቤቱ እስከ ቅዳሜ ይታገሠኛል ብላ ነበር፣ ከዚህ በፊትም ታግሷት ያውቃል። ወንድሟ ግን አዘነላትና፣ እንዳትጨነቅም ብሎ ሳይነግራት፣ እርማቱን ሠርቶ ፈረመ።

በማግስቱ ጉንጯን በሻርፕ ጠቅልላ ወጣችና ጋዜጣውን ገዝታ እዚያው መንገድ ዳር በጣቷ እየቆጠረች አነበበች። ሠላሳ ሰባቱም አሉ። ሠላሳ ስምንተኛው ግን የለም። ደግማ ቆጠረች። የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ ነበር። ማጣሪያ ግን አንዴ የያዘችውን የምትለቅ ሰው አይደለችም። ነቅቶብኛል አለች፤ ሸተተውና አውጥቶ ጣለው። ይህን ያህል ብልጥ መሆኑ እንዲያውም የባሰ አንገበገባት።

ከዚያ ማተሚያ ቤት ስትደርስ አራት ሺው ቅጂ ታስሮ ተቆልሏል። ከአንዱ እስር ላይ መዝዛ ገለጠች። የክር መጋዘኑ ዝግጅት ከገጹ ግርጌ፣ ባማረ ፊደል፣ ጉብ ብሏል። ወሽመጧ ተቆረጠ። ለወንድሟ እንዳትነግረው በገዛ እጇ ውሸት ማስገባቷን ማመን ነው። ደግሞስ እዚያ ባዶ መጋዘን ድረስ የሚሄድ የትኛው ሥራ ፈት ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

ለወንድሟ የነገረችው ሌላውን ነው። ዝርዝሩን ለጋዜጣው የሚያቀብለው ገጽ አቀናባሪው ነው አለችው። ማስረጃሽ ምንድን ነው ሲላት ጃኬቱንና ስልኩን ቆጠረችለት። ይሄ ማስረጃ ነው ወይ ብሎ ተከራከራት፤ ለሁለት ቀን ተኳረፉ። ወይ እሱ ወይ እኔ አለች በመጨረሻ። ረቡዕ ዕለት ወንድሟ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ፣ ነገሩ እስኪጣራ እቤትህ ቆይ አለው። ሰውየው ለምን ብሎ አልጠየቀም። ጃኬቱን ለበሰ፣ ወደ ማጣሪያ አንዴ ተመለከተና ወጣ። ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ይጮህ ነበር አለች ማጣሪያ በልቧ።

በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ገጽ አቀናባሪው ስለሌለ ሥራው ዘግይቶ፣ ለቀጣዩ እትም ደወላዋን ወደ ማጠናቀቁ ደረሰች። አደዋወሏ እንዲህ ነው፤ ለእያንዳንዱ አዳራሽ ቀንና ሰዓቱን ካረጋገጠች በኋላ፣ አንዱ ዝግጅት ከሌላው እንዳይጋጭ፣ እስከዚያ የሰበሰበችውን ሁሉ ታነብላቸዋለች። የትልቁ አዳራሽ ጸሐፊ በቀላሉ ስለማትገኝ ሁልጊዜ የመጨረሻዋ ናት። ስለዚህ ሙሉውን ዝርዝር የምትሰማው እሷ ነች። ማጣሪያ እያነበበች ግማሽ ላይ ስትደርስ ጸሐፊዋ አቋረጠቻት።

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ አመለጠኝ። ከሥዕል ዐውደ ርእዩ ቀጥሎ ያለውን ይድገሙልኝ።»

«ምኑ ነው ያመለጠሽ?»

«እየጻፍኩት እኮ ነው። ታናሽ እህቴ ጋዜጣው ቤት ሥራ ጀመረች፣ ሁለት ወር ሆናት። ለእሷ ነው። እርስዎ ደግሞ ጥርት አድርገው ነው የሚያነቡት፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

«ማን ፈቀደልሽ?»

«እንዴ፣ በነጻ አይደል እንዴ የሚታደለው?» አለች ጸሐፊዋ፤ ክፋት የለባትም፣ የምሯን ነው የጠየቀችው።

ማጣሪያ ስልኩን ዘግታ ዝርዝሩ ላይ አፈጠጠች። ባለፈው እትም ገጽ ላይ የነበሩት ሠላሳ ስምንት ናቸው፤ ጋዜጣው ያገኘው ሠላሳ ሰባት። ገጽ አቀናባሪው ሰጥቶ ቢሆን ሠላሳ ስምንቱንም ይሰጥ ነበር። የክር መጋዘኑ ዝግጅት የተለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስላልነበረ ለማንም አልደወለችለትም። ሌባው የገዛ አፏ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች።

ያኔውኑ ለገጽ አቀናባሪው ልትደውልለት ይገባ ነበር። ቁጥሩን በቃሏ ታውቀዋለች። ግን አልደወለችም። ሰኞ ከወንድሜ ጋር ሆነን እንነግረዋለን ብላ ለራሷ ቀጠሮ ሰጠች። ለጊዜው የክር መጋዘኑ በር ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ይበቃል አለችና፣ አንድ ወረቀት ላይ «ተሰርዟል» ብላ በትልቁ ጻፈች።

ቅዳሜ ሊለጠፍ የሄደው ወረቀት አልተለጠፈም። ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ማጣሪያ ስትደርስ በመጋዘኑ ደረጃ ላይ አሥራ አንድ ሰዎች ተቀምጠዋል። ሁሉም መጽሔቱን ይዘዋል። አንዱ ፖስታ ከደረት ኪሱ እያወጣ መልሶ ይከታል። አንዷ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ጉልበቷ ላይ አስቀምጣለች። በሩ ላይ የዛገ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ እነሱ ግን ሰዓቱ ገና ነው ብለው አልተጨነቁም። ደረጃው ጫፍ ላይ አንዲት አሮጊት አጠገብ ቁጭ አለች።

አሮጊቷ እጇ ላይ ያለውን ወረቀት አይታ፣ አንቺም ደብዳቤ ይዘሽ ነው አለቻት። መልስም ሳትጠብቅ ወጓን ቀጠለች። ልጇ እዚህ መጽሔት ላይ ነው የሚሠራው፤ ገጹን እንዲህ የሚያሳምረው እሱ ነው። ስድስት ዓመት ሳያርፍ ሠርቶ አሁን ገና እረፍት ሰጡት። ጃኬት የሚባል ነገር ስላልነበረው ከጡረታዋ ቆጥባ እሷው ገዛችለት። መድኃኒቷን መዋጧን እንዳይረሳት በቀን ሦስቴ እየደወለች ታስቸግረዋለች፣ እሱም አይሰለቻትም። ዝግጅቱን ጎረቤቷ ናት ያነበበችላት። የእሷ ዓይን ደክሟል፤ ደብዳቤዋን የሚያነብላት ልጇ ነው። አሁን ወንበር ሊያመጣላት ሄዷል።

ገጽ አቀናባሪው ታጣፊ ወንበር በብብቱ ይዞ መጣ። ማጣሪያን ሲያይ እርምጃው ተገታ። ወንበሩን ዘርግቶ እናቱን አስቀመጠና ወደ መጋዘኑ ጥግ ፈቀቅ አለ። ማጣሪያ ተከተለችው።

«ዝግጅቱ ውሸት መሆኑን አውቀህ ነበር?»

«ገጹን ስሠራ ነው ያወቅሁት። ስልክ ቁጥር የሌለው ዝግጅት ሰጥተውኝ አያውቁም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«እርስዎ ያጣሩትን እኔ ልጠራጠር?» አለ። «ለምን እንደጻፉት የገባኝ እቤትህ ቆይ ስባል ነው። ዛሬ እማዬ ልሂድ አለች። ውሸት ነው ብላት እንዴት አወቅህ ትለኛለች፤ ለምን እቤት እንደዋልኩ አልነገርኳትም።»

ማጣሪያ የጸሐፊዋን ነገር ነገረችው፤ አላሳጠረችውም፣ አላሳመረችውም። «እናቴ ፊት እንዳያነሡት» አለ ብቻ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ አለፈ። ባለ ፖስታው ሰውዬ ማነው በሩን የሚከፍተው ብሎ ጠየቀ። ሰዉ መተያየት ጀመረ። በዚህ መሐል አሮጊቷ ወደ ማጣሪያ እያመለከተች፣ በሩ ምን ያደርግልናል፣ እዚሁ እናንብብ፣ ይቺ ወረቀት ይዛለች፣ እሷ ትጀምር አለች። ሌሎቹም ትጀምር አሉ።

ማጣሪያ ተነሣች። «ተሰርዟል» የሚለው ወደ ውስጥ እንዲሆን ወረቀቱን አጠፈችውና ባዶውን ገጽ እያየች፣ ስም ሳትጠራ፣ ማንበብ ጀመረች።

«ዓመታት አብረኸኝ ለሠራኸው። ሌባ ነው ብዬ ከሥራህ አስወጣሁህ። ማስረጃዬ አዲስ ልብስህና ዝምታህ ነበር። ሌባዋ እኔው ራሴ እንደሆንኩ ትናንት ዐወቅሁ። ለአሥራ አምስት ዓመት ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስደውል ኖሬ፣ ላንተ መደወል ፈራሁ። ዛሬም የመጣሁት ላንተ ብዬ አልነበረም።»

ወረቀቱን አጣጥፋ ያዘች።

«አልላክሽለትም?» አለች አሮጊቷ።

«አልላክሁለትም።»

«እናት አለችው?»

«አለችው።»

«እኔ እናቱ ብሆን ይቅር አልልሽም ነበር» አለች አሮጊቷ፣ ቁጣ ሳይኖርበት፣ ነገሩን መዝና እንደጨረሰች ሰው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞራ ደብዳቤዋን ሰጠችው። ገጽ አቀናባሪው ወረቀቱን ገለጠና ሳይቸኩል አነበበላት። ከእሱ በኋላ ባለ ፖስታው ቀጠለ፣ ከዚያም ሌሎቹ። አንድም ሰው ሳያነብ አልሄደም።

ሰዉ ሲበተን ማጣሪያ ገጽ አቀናባሪውን ጠበቀችው። እናቱ ቀድማቸው ጥቂት እርምጃ ርቃ ነበር።

«ሰኞ ትመጣለህ?»

ወንበሩን አጥፎ በብብቱ አደረገ። «ዛሬ ሁሉንም እነግራታለሁ» አለ። «ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈም ጭምር። ሂድ ካለችኝ እመጣለሁ።»

አሮጊቷ ዘወር ብላ፣ ነይ እንጂ አንቺ፣ አብረን እንሂድ፣ ወዳጅ ሆነን የለም ወይ አለቻት። የማጣሪያ ቤት በሌላው አቅጣጫ ነው። ወንበሩን ልያዝልህ ብላ እጇን ዘረጋች፤ እሱ አልሰጣትም። ከኋላቸው ሄደች።