የእሁዱ ተራ

ጭሮ ውስጥ የአንድ ፌርማታ ባጃጅ ሾፌሮች ማንም ያልጻፈላቸው ሕግ አላቸው። አርብ ሙስሊሞቹ ለጁምዓ ሲሄዱ ቁልፋቸውን ለክርስቲያኖቹ ይተዋሉ፤ እነሱም ባጃጁን እየገፉ ቦታውን ይጠብቁላቸዋል። እሁድ ጠዋት ደግሞ ሙስሊሞቹ ይጠብቃሉ። እኔና የሥራ ባልደረባዬ ኪሮስ ይህን ተራ በስልክ የሚይዝ ፕሮግራም ሠራንላቸው። እሱ ሂርና፣ እኔ ጭሮ ሆነን።

ሂርና ኔትወርክ ሦስት ቀን ጠፋ። በዚያ መሃል ሁለታችንም ያንኑ ኮድ ለየብቻ ነካካነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራችንን ላዋህድ ስል፣ ኮዳችንን የምናኖርበት ጊት ዐሥራ አራት ቦታ ላይ አልስማማም አለ። የኔን ከላይ፣ የእሱን ከታች ደርድሮ ምረጪ ይለኛል። መብራት አራት ጊዜ ሄዶ መጥቷል፤ ዐይኔ ተቃጥሏል፤ ሾፌሮቹ ደግሞ ነገ ሊጀምሩ ነው። አምስቱን አነበብኩ። ከዚያ መረረኝና የቀረውን በሙሉ «የኔን ያዝ» ብዬ ዘጋሁት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ!

እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ ተራ አስከባሪው አብዱናስር ደወለ። «ዩስራ፣ ቶሎ ነይ። ሰልፉ ቆሟል።»

ስደርስ ተሳፋሪው ይጮሃል፤ የሚንቀሳቀስ ባጃጅ ግን የለም። ጋሽ ኃይለየሱስ አንደኛ ተራ ላይ ሆነው ቅዳሴ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ስልኩ መጨረሻ አድርጓቸዋል። ቀጣዩ ሾፌር አብዶ ሞተሩን አጥፍቶ ተቀምጧል።

«ስልኩ ሂድ ይለኛል» አለ አብዶ። «ወላሂ አልሄድም! አርብ የኔን የጠበቁልኝ እሳቸው ናቸው። ምን ዐይን አለኝ?»

ጋሽ ኃይለየሱስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አርብ እዚህ ውስጥ ገብቷል?»

«ገብቷል፣ ጋሼ።»

«እሁድስ?»

ላፕቶፔን የአብዶ ባጃጅ ወንበር ላይ ከፈትኩ። ጊት የጣሉትን አያጠፋም፤ ትናንት ሳላነብ ያለፍኩትን የኪሮስን ጽሑፍ አወጣሁት። አርብንም እሁድንም ጽፏል። የኔ አርብ ብቻ ነበር። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ተገኘ?» አሉኝ።

«ተገኘ። ኪሮስ ሁለቱንም ጽፎት ነበር። የጣልኩት እኔ ነኝ።»

ጋሽ ኃይለየሱስ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ባጃጃቸው ሄዱ። አብዶ ግን እስካስተካክለው ድረስ አጠገቤ ቆሞ፣ አንዴም ቀና ብሎ አላየኝም።